ትርፍ ገብስ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን አጎቴ ከደብረ ማርቆስ ሰው አስይዘው አንድ ደብተር ላኩልኝ። ጫፍ ጫፉ የተቆለመመ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ግጥም ተደርጎ የተጻፈበት። የመጀመሪያው ገጽ «የአገራችን አርበኞች ታሪክ» ይላል። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? ይህን በመኪና ጻፍልኝ። ፊደል እንዳትገድፍ።»

በእኛ ቤተሰብ የሶፍትዌር ሙያ ማለት ይኸው ነው። ፕሪንተር ታስተካክላለህ፣ የተዘጋ ፌስቡክ ትከፍታለህ፣ ደብተር ትተይባለህ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ሁለት ገጽ እየገለበጥኩ ጀመርኩት። የአጎቴ እጅ ጽሕፈት ያምራል፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሆናቸው ያስታውቃል። ገጽ 14 ላይ ግን እጄ ቆመ።

«የጎበዝ አለቃው 4,000 ጦር አስከትለው፣ አምስቱን ዓመት ሙሉ ከጮቄ ግርጌ ሳይነቃነቁ ጠላትን ተፋለሙ።»

የጎበዝ አለቃው ቅድመ አያቴ ናቸው። የእርሳቸውን ገድል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ጀግንነታቸውን ተጠራጥሬም አላውቅም። ያስቆመኝ ቁጥሩ ነው።

በሥራዬ አንድ ሲስተም ከመገንባታችን በፊት ደንበኛውን «ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ሁሌ «ሚሊዮን» ነው። እኔ ከጊዜ በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ትናንት ስንት ትእዛዝ አደረሳችሁ? ስንት ሞተረኛ አላችሁ?» እላለሁ። ሰው ስለ ራሱ ብዛት ሲናገር ያጋንናል፤ ስለ ሞተረኛና ስለ ቤንዚን ሲሆን ግን ብዙም አይዋሽም። ለጦርም ያው ነው ብዬ አሰብኩ። ስንት ነበሩ ከማለት፣ ምን በሉ ማለት።

ኤክሴል ከፈትኩ።

አንድ አርበኛ በቀን 700 ግራም ገብስ ይበላል እንበል፤ በሶም ይሁን ቆሎ ወይ ቂጣ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ብዙ አይደለም። 4,000 ሰው በቀን 2,800 ኪሎ ይሆናል፤ 28 ኩንታል። በዓመት ከ10,000 ኩንታል ይበልጣል። አሁን ወደ አምራቹ እንሂድ። የጮቄ ግርጌ አገር የገብስና የባቄላ አገር ነው። አንድ ቤት በደህና ዓመት 15 ኩንታል ያገኛል ብዬ ያዝኩ፣ ቸር ሆኜ። 2 ለዘር ይቀመጣል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ ዓመቱን 11 ኩንታል ይጨርሳል። ስለዚህ 2 ኩንታል ይተርፋል። ያንን ሕዋስ ቢጫ ቀባሁትና «ትርፍ» ብዬ ጻፍኩበት።

በ2 ኩንታል ሒሳብ 4,000 ሰው ዓመቱን ለመመገብ ከ5,000 በላይ ቤት ያስፈልጋል። የአጎቴ ደብተር ገጽ 6 ላይ የቅድመ አያቴን አገር በአጥቢያ በአጥቢያ ከፍሎ ይዘረዝራል፤ ሲደመር 600 ጢስ ገደማ ነው። 600 ቤት ደግሞ የሚችለው 470 ሰው።

470። ከ4,000 አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም።

እንደ ሞኝ ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ፣ ጋሼ?» አልኩ። «አለሁ» አሉ። «አንተ የዘመኑ ልጅ፣ ጣልያን በአውሮፕላን ሲፈልጋቸው ቆጥሮ ያልጨረሳቸውን፣ አንተ ቦሌ ተቀምጠህ ጨረስካቸው?» ቦሌ አይደለም የምኖረው፣ ግን ነገሩ ገባኝ። «እንግዲያው እማሆይን ጠይቅ» አሉኝ። «እኔ የጻፍኩት የሰማሁትን ነው። እርሳቸው ነበሩበት።»

እማሆይ አያቴ ናቸው፣ የጎበዝ አለቃው ልጅ። ቆብ ከጣሉ 30 ዓመት አልፏቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ከዘጠና በላይ ነው። ጣልያን ሲወጣ ገና የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ፣ በደጀን አድርጌ፣ ማታውን ከእግራቸው ሥር እቀመጥ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን ያ መንገድ እንደ ድሮው «ልሂድ» ተብሎ የሚነሱበት መንገድ አይደለም። ኢንተርኔቱም ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ በስልክ።

ከሰላምታው በኋላ (የጎጃም ሰላምታ፣ ከብቱም ጤፉም ጎረቤቱም ደህና መሆኑ ተጠይቆ) ጥያቄዬን ጀመርኩ። «እማሆይ፣ አባትዎ ጋር የነበሩት ሰዎች ስንት ይሆኑ ነበር?»

«ለምን ትቆጥራለኸ?»

«ለጋሼ መጽሐፍ ነው።»

«በስልክ የጠመንጃ ሰው ቁጥር ይጠየቃል? በል እግዜር ይስጥልኝ።» ዘጉት።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። እማሆይ 1930ን እና አሁንን ቀላቅለውብኛል ብዬ ነበር መጀመሪያ። ቆይቼ ሳስበው ምንም አልቀላቀሉም። ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ በስልክ «የታጠቁት ስንት ናቸው፣ ማን ያበላቸዋል» የሚል ጥያቄ መመለስ ያኔም ዛሬም ያው ነው። እኔ «የአቅም ግምት» ብዬ የምጠራው ነገር እርሳቸው በልጅነታቸው ሌላ ስም ነበረው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሰላይ ነበር። ለዚህ ነው ስለ ዛሬው ጦርነት አንድም ሕዋስ የማልሞላው፣ እዚህም የማልጽፈው።

ደግሞ መቁጠር በራሱ ለእርሳቸው ደግ ነገር አይደለም። ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ 70,000 ሰው በቸነፈር አለቀበት፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 24። ልጅ ሳለሁ በጎችን በጣቴ እየጠቆምኩ ስቆጥር እጄን መትተውኛል።

እማሆይ እስኪለዝቡ ድረስ ማን ማንን ሲቆጥር እንደነበር ማንበብ ያዝኩ። ያ ዘመን ለካ የግምት ዘመን ነው።

እንግሊዞች ጎጃም የገቡት ራሱ ለመገመት ነው ማለት ይቻላል። ኮሎኔል ሳንፎርድ በነሐሴ 6 ቀን 1932 ከሱዳን ድንበር የተሻገሩት ከጥቂት መኮንኖች ጋር ነበር። ተልእኳቸው «ሚሽን 101» ይባላል። ከኢትዮጵያ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረው ነበሩ፤ በኋላ «የታሪክ ማስታወሻ» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ናቸው። ሥራቸው አርበኞቹ የት የት እንዳሉ፣ ምን እንደታጠቁ፣ ምን እንደሚጎድላቸው ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስ በርስ ማስማማት ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ሁለቱም ጣልያንን ይዋጋሉ፣ እርስ በርሳቸው ግን አይተማመኑም። እዚህ ጋ ግምት አስቸጋሪ ይሆናል። የመንገሻን ጦር ከነጋሽ ጦር ጋር ደምሮ አንድ ቁጥር መጻፍ ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ካልታረቁ ግን ድምሩ ከሁለቱም ያንሳል። ሳንፎርድ 1933 መጀመሪያ ላይ ያስታረቁት ለዚህ ነው። በምሥራቅ፣ በዓባይ በኩል፣ በላይ ዘለቀ ደግሞ ለማንም ድምር የማይመች የራሱ ዓለም ነበር።

ከዚያ ዊንጌት መጣ። ጦሩን «የጌዴዎን ኃይል» አለው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7ን የሚያውቅ ሰው ቀልዱ ወዲያው ይገባዋል። ጌዴዎን ይዞት የወጣው ጦር 32,000 ነበር። እግዚአብሔር «በዛ» ብሎ እየቀነሰ 300 አደረሰው። እነዚያ 300ዎች በሌሊት ችቦና ማሰሮ ይዘው እልፍ መሰሉ። ዊንጌትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ተደምረው ከ2,000 ያነሰ ሰው፣ ያለ መድፍ፣ ጥቂት ሞርታር። በጎጃም የነበረው የኢጣልያ ጦር ግን ከነቅኝ ወታደሩ 30,000 እና ከዚያ በላይ ይገመታል። በትናንሽ ቡድን ሌሊት ሌሊት ምሽጎቹን መነካካት፣ በድምፅ ማጉያ የቅኝ ወታደሩን «ና ውጣ» ማለት። ኮሎኔል ናታሌ ከፊታቸው ትልቅ ጦር ያለ መስሏቸው የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቀው ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ።

ከሁሉ የወደድኩት የስልኩ ታሪክ ነው። ደብረ ማርቆስ በመጋቢት 26 ቀን 1933 ከተለቀቀች በኋላ ወደ ዓባይ መሻገሪያ የሚሄደው የኢጣልያ የስልክ መስመር ገና ይሠራ ነበር። አብሯቸው ይጓዝ የነበረ ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል ጣልያንኛ የሚችል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ስልኩን አንሥቶ፣ ራሱን ጣልያናዊ አስመስሎ፣ በሺዎች የሚቆጠር የእንግሊዝ ጦር እየመጣባችሁ ነው ብሎ የመሻገሪያውን ጠባቂዎች እንዳስፈረጠጣቸው ይተረካል። ጥይት አልተተኮሰም። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ብቻ።

(እማሆይ በስልክ ቁጥር ያለመናገራቸው ጥበብ እዚህ ላይ ገባኝ።)

ግን የጌዴዎን ኃይል ሌላ ቁጥርም አለው፣ ስለ እርሱ ያን ያህል አይወራም። ያን ትንሽ ጦር ለመቀለብ ወደ 15,000 ግመል ከሱዳን ተነዳ። ለአንድ ሰው ከሰባት ግመል በላይ። የሚጫነው ምግብ፣ ጥይትና የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። የማርያ ቴሬዛ አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ 1,000 ብር ማለት 28 ኪሎ ማለት ነው፣ ገንዘቡ ራሱ አጋሰስ ይፈልጋል። ግመሎቹ ከበረሃው ወደ ደጋው ሲወጡ በብርዱ፣ በዳገቱና በግጦሽ እጦት እየወደቁ አለቁ፤ አዲስ አበባ የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግመል ለደጋ እንደማይሆን ለማወቅ የጦር አካዳሚ መግባት አያስፈልግም ነበር፣ አንድ የቡሬ ነጋዴ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ኤክሴሌ ተመለስኩና አንድ ነገር ጎድሎ አገኘሁት። የእንግሊዞቹ ስንቅ ስንት እንደነበረ የምናውቀው ግመሉን የቆጠረ ጸሐፊ ስላለ ነው። የአርበኞቹን ስንቅ ማን ተሸከመው? በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ገብሱ ከጎተራ ተነሥቶ በቀጥታ አርበኛው አፍ ውስጥ ይገባል። ማንም አይሸከሽከውም፣ አይቆላውም፣ አይፈጨውም። ሶፍትዌር ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የሠራ ጀማሪ ብናገኝ እንስቅበታለን፤ ዳታው ከዚህ ተነሥቶ እዚያ «ይደርሳል» ብሎ መሐሉን ባዶ የተወ።

እማሆይን ከፋሲካ በኋላ ደወልኩላቸው። ስለ ጠመንጃ አልጠየቅኩም። «እማሆይ፣ ያን ጊዜ ለአርበኞቹ ስንቅ የሚያዘጋጀው ማን ነበር?» አልኩ።

ድምፃቸው ተለወጠ። ዘጠና ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ፈጥኖ ሊናገር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ተራ ነበረ። እያንዳንዷ ሴት በሳምንት አንድ ሌሊት ተራ አላት። የእናታቸው ተራ ሐሙስ ማታ ነው። አንድ ቁና ገብስ ቀን ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ ይቆይና ሌሊት ይፈጫል። ቀን የማይፈጨው ወፍጮው ስለሚሰማ ነው፤ ባንዳ ሲያልፍ ከቤቱ ሰው በላይ ዱቄት መፈጨቱን በድምፁ ያውቃል። ጢስም እንደዚያው ነው። አውሮፕላን ከመጣ እሳት ላይ ውኃ ይደፋል። በሶው በአቁማዳ ይሆንና ንጋት ላይ እረኛ ይወስደዋል። አንዳንዴ እረኛዋ እርሳቸው ናቸው። በስምንት ዓመታቸው፣ በበግ መሐል፣ አቁማዳው በቀሚሳቸው ሥር ታስሮ።

«ይከብድ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ፣ በሶ ምን ይከብዳል። ጨው ነው የሚከብድ።»

አንድ ቁና ወደ 5 ኪሎ ነው። 600 ሴት በሳምንት አንድ አንድ ሌሊት ከሆነ፣ በየሌሊቱ 86 ሴት ትፈጫለች ማለት ነው፣ 430 ኪሎ። በ700 ግራም ሲካፈል 614 ሰው። እያወሩኝ ነው ይህን በጎን የምመታው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን ያኔ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግምት ያልመጣ ቁጥር ያዝኩ። የሐሙስ ማታ ተራ የሰነድ ያህል ነው። ሰው ስንት ጦር እንዳየ ይረሳል፣ እናቱ በየትኛው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች አይረሳም።

አጎቴንም ግማሽ በግማሽ ይክሳቸዋል። በእኛ ሥራ አንድ ሰርቨር ዘወትር የሚሸከመውና በበዓል ዋዜማ ለአንድ ሰዓት የሚሸከመው አይመሳሰልም። ክተት ሲባል ከየአጥቢያው የሚወጣው ገበሬ የአምስት ቀን በሶውን፣ 3 ኪሎ ተኩል፣ በራሱ ትከሻ ይዞ ይመጣል፤ ለዚያ አምስት ቀን 4,000 ሰው ከአጎራባች አለቆች ጋር ሆኖ ቢሰበሰብ የሚከለክለው ነገር የለም። ስድስተኛው ቀን ላይ ግን ቤቱ ይገባል፣ ወይ ያርሳል ወይ ያጭዳል። ዐድዋ ላይ የምኒልክ ጦር እንኳ፣ 100,000 የሚባለው፣ በየካቲት 1888 ስንቁ እያለቀ ስለነበር ከዚያ በላይ ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። ባራቲየሪም ያው ነው። «ሳይነቃነቁ» የሚለው ቃል ነው የአጎቴ ስሕተት እንጂ 4,000ው አይደለም።

ይህን ለእማሆይ በሚገባቸው ቋንቋ ለማስረዳት ሞከርኩ። ከእያንዳንዱ ቤት ዘሩና ቀለቡ ተቀንሶ የሚተርፈውን ገብስ አስልቼ ነው አልኳቸው።

«የምን ትርፍ?»

«ከቤተሰቡ የሚተርፈው፣ እማሆይ።»

«ትርፍ ነበረ ማን አለኸ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም አልጠበቁኝም። ከእርሳቸው በታች ወንድም እንደነበራቸው ነገሩኝ። ይህን ከእርሳቸውም ከማንም ሰምቼ አላውቅም፤ የአጎቴ ደብተር ውስጥም የለም። አርበኞቹ ጣልያንን ከአገሩ ካስወጡበት ዓመት በፊት በነበረው ክረምት፣ ጎታው ውስጥ የቀረው የዘር ገብስ ብቻ ነበር። ተራው ግን ሐሙስ በሐሙስ ይመጣል። እናታቸው አንድም ሐሙስ አላጎደሉም። «እንዴት ታጓድላለች፣ የሚበላው ባሏ አይደል?» አሉ እማሆይ። ልጁ በፍልሰታ ሞተ። ሦስት ዓመቱ ነበር። በምን እንደሞተ ጠየቅኳቸው። «ክረምት ነዋ» አሉ።

ከዚያ ስለ ጋሼ ጉልበት ሕመም አወራን፣ ስለ ስኳር ዋጋም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሠንጠረዡ ፊት ብዙ ቆየሁ። ሁለት ቁጥር አለኝ። ትርፉ የሚችለው 470 ሰው ነው፤ ሴቶቹ የፈጩት ለ614 ነው። ልዩነቱ 144 ሰው። የእነዚያ 144 ሰዎች የዓመት ቀለብ ወደ 370 ኩንታል ይጠጋል። ለ600 ቤት ሲካፈል በአንድ ቤት 61 ኪሎ ይደርሳል። ከየትም ያልመጣ 61 ኪሎ። እኔ ለአንድ ነፍስ በቀን ግማሽ ኪሎ ብዬ ነበር ያሰላሁት። 61 ኪሎ የአንድ ሰው የአራት ወር ቀለብ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም።

ይህ ግምት መሆኑን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። 700 ግራሙን 600 ባደርገው የሰዎቹ ልዩነት ይሰፋል። ምርቱን 16 ኩንታል ባደርገው ይጠፋል። አድርጌው ነበር፣ ሁለቱንም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። ከዚያ መልሼ 15 አደረግኩት። ቢጫው ሕዋስ ላይ ያለውን «ትርፍ» የሚል ቃል ግን አጠፋሁት፤ በምን እንደምተካው ስላላወቅኩ ባዶ ነው።

ለአጎቴ ደወልኩላቸውና የሐሙሱን ተራ ነገርኳቸው። የልጁንም። ስለ ልጁ ያውቁ ነበር። «ይሄ የቤት ነገር ነው፣ የአርበኛ ታሪክ አይደለም» አሉኝ። እኔም ስንቅ የሌለው ጦር የለም አልኩ። እርሳቸውም ጦሩን በሙሉ ወፍጮ ቤት ልታስገባው ነው አሉ። ተኮራርፈን ተለያየን።

በሦስተኛው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ፎቶ መጣልኝ። ከሌላ ደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው። ከላይ፣ የገጽ 14 ማረሚያ፦ «4,000» የሚለው ተሰርዞ «እጅግ ብዙ ሺህ» ተብሏል። ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ የሠራሁት ሒሳብ ሁሉ ያፈራው ይህን ነው። ከሥሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ «በየሌሊቱ ስንቅ ያዘጋጁ የነበሩ እናቶች» የሚል ርእስ አለ፣ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ በየተራቸው። እማሆይ ቤት ሁለት ቀን ተቀምጠው ነው የጻፉት። 31 ስም። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ «የእገሌ ሚስት» ብቻ ይላሉ።

«እጅግ ብዙ ሺህ» ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ለአራቱ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እማሆይ እደውላለሁ።